ከፈረሱ እግር ሥር

ወንድሜ እንዳላማው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተደብቆ እንደሚኖር፣ ከአባቴና ከሠዓሊው በቀር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ «ዘማቹ» ይለዋል፤ እኔ ግን ጉብታውን ወጥቼ ብወርድ እንደማገኘው አውቃለሁ። ይህን እያወቁ ዝም ማለት ለእኔ ቢጤ ለፍላፊ ምን ያህል እንደሚከብድ አትጠይቁኝ።

ነገሩ የጀመረው ጦርነቱ አለቀ በተባለበት ክረምት፣ ነሐሴ ላይ ነው። እናቴ የብርጓል፣ ጤናዬ የምትባለውን እህቴን በወለደች በሳምንቱ፣ ለአባቴ ምሳ ይዤ ወደ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። አባቴ ቄስ ድረስ የደብሩ ገበዝ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረት ሁሉ በእሱ እጅ ነው፣ ቁልፉም ከወገቡ አይለይም። ደጀ ሰላሙ ጋ ስደርስ ግን ብቻውን አልነበረም። ከወንድሜ ጋር የዘመተው የማዶው መንደር ልጅ፣ ደመላሽ፣ አንድ እጁን በጨርቅ አንጠልጥሎ ፊቱ ተንበርክኳል። አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ስቦታል።

የሰው ወሬ ሲሆን የእኔ ጆሮ ለብቻው ይሄዳል። ከግንቡ ኋላ ቆምኩ።

«እናቱ አራስ ናት» ይላል አባቴ። «ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሣ አንድ ሰው ትንፍሽ እንዳይል። ወተቷ ይደርቅብናል።»

«እኔ ምን አፍ አለኝ፣ አባ» አለ ደመላሽ። ከጉያው የወንድሜን አረንጓዴ ሹራብ አውጥቶ ሰጠው። አባቴ ሹራቡን እንደ ሕፃን ታቅፎ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ፤ ሲወጣ ባዶ እጁን ነበር።

ያየሁት ይኸው ነው። በዚያው ሰሞን አንድ የጎረቤት ጎረምሳ ከማሠልጠኛ ጠፍቶ መጥቶ፣ እናቱ ጎተራ ውስጥ ደብቃ ስትመግበው እንደከረመች ትንሽ ትልቁ ያወራ ነበር። እኔም ሹራቡን፣ ሹክሹክታውንና ቁልፉን አንድ ላይ ደምሬ ጨረስኩት፤ እንዳላማው ጠፍቶ መጥቷል፣ አባቴም መቅደስ ውስጥ ደብቆታል። ከካህን በቀር ማንም የማይገባበት ቤት እያለ ጎተራ ምን ያደርጋል?

«ሞተ» የሚለውን ቃል ማንም አላወጣም። በእኛ አገር መርዶ እንዲህ በየአጥሩ ሥር አይነገርም፤ ሰዓት ይጠበቅለታል፣ ሽማግሌ ይሰበሰብለታል። አራስ ካለችበት ቤት ደግሞ ከነጭራሹ አይገባም። መንደሩ በሙሉ ሰምቶ እናቴ ብቻ እንዳልሰማች የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያኔ ሰዉ በደጃችን ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ የሚያደርገው ጤናዬን ላለመቀስቀስ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት የቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል ይታደስ ነበር። አለቃ አምደሚካኤል የሚባሉ ሠዓሊ ከመርጡለ ማርያም መጥተው፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ አቡጀዲ በሙጫ እያጣበቁ፣ መጀመሪያ በከሰል ይነድፉና ከዚያ ቀለም ያገቡበታል። ጢማቸው አንድ ቀን ሰማያዊ ነው፣ አንድ ቀን ቀይ። እኔን «አንቺ ቀለም አስደፊ!» እያሉ ያባርሩኛል፤ መልሰው ደግሞ ራሳቸው ይጠሩኛል።

«ይኼ ለምን አንድ ዓይን ብቻ ኖረው?» አልኳቸው አንድ ቀን፣ ጦር የያዘውን ክፉ ወታደር እያሳየሁ።

«ኃጥእ ነዋ። ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል። ክፉ ሰው ግን ዘወር ብሎ ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታይ።»

«ባለሱቁ ስንት ዓይን ይገባዋል?»

«አንድም ይበዛበታል» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የባለሱቁን ስኳር ሚዛን ሳያዩት አልቀሩም።

መስከረም ሲገባ በደቡብ በኩል፣ በሴቶች መግቢያ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ግርጌ በመጋረጃ ሸፈኑት። «ይኼን እንዳትገልጪ» አሉኝ። ለእኔ እንዲህ ይባላል? ቀለም ሊቀምሙ ወጣ እንዳሉ ገለጥኩት።

እንዳላማው ነበር። ከፈረሱ እግር ሥር፣ ሥዕል ያሠራ ሰው በሚሣልበት ቦታ፣ ነጭ ለብሶ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። ግንባሩ ላይ ያለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም፤ በሬ የወጋው ጊዜ ያገኛት። በሁለቱም ዓይኖቹ ቀጥ ብሎ ያየኛል። ወደ ግራ ሄድኩ፣ ተከተለኝ። ወደ ቀኝ ሄድኩ፣ ተከተለኝ። መጋረጃውን ለቅቄ እግሬ አውጭኝ አልኩ።

አጥሩ ጋ ስደርስ ግን ነገሩ በራልኝ። አለቃ አምደሚካኤል የእኛን አገር ከዚያ በፊት ረግጠውት አያውቁም። ወንድሜን ዓይናቸውን ጥለውበት አያውቁም። ታዲያ ጠባሳውን ከየት አመጡት? እያዩት ነው እንጂ! ከግድግዳው በስተጀርባ መቅደሱ ውስጥ አለ፤ ገብተው እያዩ ነው የሚሥሉት።

አባቴ የእንዳላማውን አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ሰጥቷቸው እንደነበር፣ እሷም ከቀለም ዕቃቸው መሀል ጠፍታ እንደቀረች ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ወንድሜ በዚህ ምድር ላይ የነበረው ፎቶ ያ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ አልጠፋም። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እሰማለሁ። የሆነ ነገር ይተነፍሳል፤ እውነቴን ነው፣ ይተነፍሳል። ዛሬ ሳስበው ያልተጣበቀ አቡጀዲ በነፋስ ሲነሣና ሲወድቅ ይሆናል እላለሁ። ግን ደግሞ እስከ ዛሬ ባዶ ቤት ውስጥ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ ካየሁ ጀርባዬን አልሰጠውም፤ ስሙን ሳልጠራም አላልፍም። ባለቤቴ ይስቅብኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴን እዚያው አገኘሁት። መጋረጃውን ወደ ላይ ጥሎ፣ ተንበርክኮ፣ ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ያወራል። «በርዶሃል ልጄ?» ይላል። «ማን አለበሰህ? ማን አጠበህ?» ቀና ሲል ጢሙ ርሷል። እኔን ሲያየኝ ደነገጠ።

«እስከዳር፣ ያየሽውን ለእናትሽ እንዳትነግሪ። ጤናዬ ክርስትና እስክትነሣ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ወተቷ ይደርቃል።»

እቅፍ አደረገኝ። የነገረኝ የሞት ምስጢር ነበር፤ እኔ ደግሞ የተሸከምኩት ደስ የሚል ምስጢር ነበር። ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አትገባም። እንዳላማው መምጣቱን ብትሰማ በደስታ ሕጉን ጥሳ እንዳትሮጥ ፈርቶ ነው ብዬ ለራሴ አስረዳሁ።

እናቴ ግን ሞኝ አልነበረችም። አንድ ቀን ጤናዬን እያጠባች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«አባትሽ ዓይናቸው የሚቀላው ምን ነክቷቸው ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«እስከዳር።»

አፌ አመለጠኝ። «እንዳላማው ጋ ሲሄዱ ነዋ!» አልኳት። «ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። አለቃ አምደሚካኤል ሥለውታል። ከጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር።»

ጤናዬ ጡቱን ለቀቀችና ተነጫነጨች፤ እናቴ መልሳ አጎረሰቻት። 

«ምን ለብሷል?»

«ነጭ።»

«እጁስ?»

«እንዲህ» ብዬ ደረቴ ላይ አጣመርኩላት።

«በሁለት ዓይኑ ነው የሚያይ?»

«በሁለቱም! ቀጥ አድርጎ ነው የሚያየኝ።»

«ተመስገን» አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም ነበር። ከዚያ አገጬን ያዘችኝ። «ማወቄን ለአባትሽ እንዳትነግሪ። ሰማሽ? ይጨነቃሉ።»

እሰይ! አሁን ሁለት ምስጢር አለኝ፤ አባቴ ከእናቴ፣ እናቴ ከአባቴ፣ ሁለቱም በእኔ በኩል። በኩራት ላብጥ ምንም አልቀረኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ዳቦ በመሶብ ወርቅ ትሰጠኝና «ለአብነት ተማሪዎቹ አድርሽ፤ የእንዳላማውን ስም ጠርተሽ ስጪያቸው» ትለኛለች። ተማሪዎቹ በመስኮት የሚያቀብሉት መስሎኝ «ትኩሱን አድርሱለት» እላቸዋለሁ። ተያይተው አንገታቸውን ይደፋሉ፤ አንዱ ዳቦውን ይዞ አለቀሰ። እኔም ርቦት ነው አልኩ።

በይጁቤ ገበያ ቀን፣ አባቴ ቁልፉን ለአብነት ተማሪዎቹ ትቶ ከአለቃ ጋር ቀለም ሊገዛ በወረደበት ዕለት፣ እናቴ ጤናዬን እኔ ጉያ ውስጥ ጥላ «ጨርቅ ላጥብ» ብላ ወጣች። አራስ ወንዝ ወርዳ አታውቅም። ከደብረ ማርቆስ የመጡ፣ ሥዕል ፎቶ የሚያነሡ ሰዎች በዚያን ቀን መንደሩ ውስጥ ነበሩና እነሱን ለማየት መሄድ ፈልጌ «እኔስ?» ብዬ አኮረፍኩ። ስትመለስ የጨርቁ እስር እንደታሰረ ነው፤ ብነካው ደረቅ። ፀሐይዋ የዛሬዋ ጉድ ናት፣ ወዲያው አደረቀችው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ጤናዬን ከእጄ ተቀብላ አጠባቻት። ወተቷ አልደረቀም።

ጤናዬ ኅዳር ላይ ክርስትና ተነሣች። በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ደጃችን በሰው ተሞላ። ሽማግሌ ሆነው የገቡት አለቃ አምደሚካኤል ራሳቸው ነበሩ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ የሰማሁት የእናቴን ጩኸት ነው። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ደረቷን ትደቃለች፣ ራሷን መሬት ላይ ትጥላለች። ከዚያ አረንጓዴው ሹራብ ወጣ፤ ሴቶቹ ከፍ አድርገው ይዘውት ያለቅሱበት ጀመር።

እኔ ተናደድኩ። ይህ ሁሉ ትልቅ ሰው እንዴት ይታለላል? በሰው መሀል ሰንጥቄ ገባሁና «ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እንዳላማው አለ! ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው! እማዬም ታው—»

እናቴ ከወደቀችበት ተነሥታ አፌን በመዳፏ ከደነችው። ፊቴን ደረቷ ውስጥ ቀበረችው። ወተት ወተት ትሸታለች፤ ልቧ ጆሮዬ ላይ ይደልቃል። ትንፋሽ እስኪያጥረኝ ይዛኝ ቆየች። መደበቂያውን እንዳላወጣባት ነው አልኩ በልቤ።

ሲመሽ ወንድሜ እንደሞተ አባቴ በራሱ አፍ ነገረኝ። ያን ጊዜ ነው ልጅነቴ ያበቃው። ካደግሁ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ያዘኝ፦ እናቴም እንደ እኔ ልጇ በሕይወት ተደብቆ ያለ መስሏት ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ በተስፋ ኖራ፣ ያ ተስፋ ነው በአንድ ጧት የተናደባት። ያ ጩኸት ዓመታት ሙሉ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ነበር። አንድም ቀን ደፍሬ አልጠየቅኋትም፤ እሷም ሳትነግረኝ ሞተች።

አሁን ደብረ ማርቆስ በአንድ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ፣ የጥናት ቤተ መጻሕፍቱንና የፎቶ ክምችቱን እይዛለሁ። የብረት ቁም ሣጥኖች፣ በፖስታ የታሸጉ ፊልሞች፤ የቆየ ፊልም ሲበላሽ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይላል፣ ልብሴም ቤቴም እሱን ይሸታል። ተመራማሪ ይመጣል፣ ካርድ አወጣለታለሁ፣ ጓንት አስለብሰዋለሁ፣ ሲያስነጥስ እቆጣለሁ። ከዚህ የተሻለ ሥራ ለእኔ አልተፈጠረም።

ባለፈው ዓመት፣ እናቴ በሞተች በዓመቷ፣ አባቴ በሚኒባስ ከይጁቤ መጣ። ከመናኸሪያው በባጃጅ አመጣሁት። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል።

«ነገ ሆስፒታል ሞራውን ሊገፍፉልኝ ነው» አለኝ ቢሮዬ ገብቶ እንደተቀመጠ። «ይሳካ አይሳካ እግዜር ያውቃል። ያለችኝ ብርሃን ሳትጠፋ ልጄን አንዴ ልየው። እናንተ ቤት የየደብሩ ሥዕል ፎቶ አለ ይላሉ። የእኛስ አይኖርም?»

አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በሲሚንቶ ከተሠራ ቆይቷል። አቡጀዲው ከግድግዳው ተገፍፎ ደጅ ላይ ተከምሮ ዝናብ በላው። አለቃም ሞተዋል።

«ሻይ ይጠጡ፣ አባ፣ እኔ ልፈልግ» ብዬው ወደ ውስጥ ገባሁ። የእኛ ደብር የተመዘገበው በሌላ ወረዳ ስም ነው፤ ለዚህ ነው እስከዚያ ቀን ዓይኔ ያልገባው። ፖስታውን ከፈትኩ። ነጭ ልብስ፣ የተጣመሩ እጆች፣ ጠባሳው። እንዳላማው እንደዚያን ጊዜው ቀጥ ብሎ አየኝ።

ብቻውን ግን አልነበረም። አንዲት ሴት ጎኑ ቆማ አንድ እጇን ጉንጩ ላይ አድርጋለች። እናቴ ናት። የነጠላዋን ጥለት ወደ ላይ ዘቅዝቃ አንገቷ ላይ ጠምጥማዋለች፤ ያ የሐዘንተኛ አለባበስ ነው። እግሯ አጠገብ የታሰረ የጨርቅ እስር ተቀምጧል። ካርዱ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ደቡብ ግድግዳ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሥራው ያላለቀ። ጥቅምት። ሴትዮዋ ለመጠን ማሳያ።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ለመጠን ማሳያ! ጥቅምት ላይ ጤናዬ ገና ክርስትና አልተነሣችም ነበር፤ እናቴ መሞቱን ያወቀችው ልብሱንና እጁን በጠየቀችኝ ቀን ነው። ያን ዳቦ የላከችው ለነፍሱ ነበር። እናቴ አንዲት ቀን እንኳ በሐሰት ተስፋ አልኖረችም። በመርዶው ጧት አፌን የከደነችው ደግሞ አባቴ እንዳይሰማ ነው፤ ሸሸግኋት ብሎ የተጽናናበትን እንዳላፈርስበት። ለዚያ ብላ መርዶዋን እንደ አዲስ ሰማች። አለቀስኩ፤ ከማዘኔ ይልቅ የቀለለኝ ይበልጥ ነበር።

ግን አባቴ ሻዩን ይዞ ይጠብቀኛል። ዕድሜውን ሙሉ «የብርጓልን ያን ያህል ጊዜ ከሐዘን ጠበቅኋት» ሲል ነው የኖረው፤ ያለችው ኩራት ያቺ ቃል ናት። በዚያ ላይ ካህን ነው፤ ሚስቱ በአራስነቷ ቤተ ክርስቲያን መግባቷን አሁን፣ ከሞተች በኋላ፣ ምኑን ብዬ ላሳየው? ኮምፒውተሩ ላይ አወጣሁትና እናቴን ቆረጥኳት። የወንድሜን ፊት ብቻ አተልቄ አተምኩ። ጉንጩ ላይ ያሉት ጣቶች ግን አልወጣ አሉ፤ እነሱን ብቆርጥ ፊቱ ይቆረጣል። ዓይኑ እንደሆነ ደክሟል፣ አይለያቸውም ብዬ ወሰድኩለት።

አጉሊ መነጽር ሰጠሁት። አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ አጎነበሰ።

«አቤት ልጄ» አለ። «አቤት፣ ጠባሳውን እይልኝማ።» ሳቀ፣ አለቀሰ። ከዚያ መነጽሩ ጉንጩ ላይ ቆመ፤ አልንቀሳቀስ አለ።

«ይኼ እጅ የማን ነው?»

«የጎብኚ ይሆናል፣ አባ።»

«እስከዳር» አለ ቀስ ብሎ። ትንሿን ጣት በጥፍሩ ነካት፤ ማጭድ በልቷት ቆልመም ብላ የቀረችውን። «ዕድሜ ልኬን ያጎረሰችኝን እጅ አጣዋለሁ ብለሽ ነው?»

 ሄጄ ሙሉውን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። ነጠላዋን አየ። እስሩን አየ። ካርዱን እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ አነበብኩለት፣ ያችን የመጨረሻዋን ቃል ግን ዘለልኳት።

«ጥቅምት» አለ። «በአራስነቷ ገባች ማለት ነው።»

«አዎ፣ አባ።»

«እኔ የይጁቤ ገበያ በወረድኩበት ቀን።»

«አዎ።»

 ይቆጣል ብዬ ነበር። በደረቱ ኪስ ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ የእጅ መስቀሉን አወጣ። መስቀሉን የእናቴ ራስ ላይ አሳረፈው።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ የብርጓል» አላት።

መስቀሉን ከፎቶው ላይ አላነሣውም። ከአፉ የሚወጣው ቃል ለእኔ እንዳልሆነ ገብቶኝ ወደ በሩ ዘወር አልኩ፤ ግን ሰማሁት።

«ብቻሽን አስለቀስኩሽ» አላት። «አንቺም ፍቺኝ።»